ሎርና ዝም ያለችበት ቀን

ሎርና ቬልድሃይስ ዝም ማለት አይሆንላትም። በዊንስሎ አውራጃ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ መሆን አለበት። ዋናው መንገድ ላይ ያለው የቀለምና የብረታ ብረት ሱቅ የእሷ ነው፤ አንድ ፓኬት ምስማር ልግዛ ብሎ የገባ ሰው መንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደሚያባክን ሳይማር አይወጣም። ዋጋዋ ግን ደህና ነው፣ ምስማሯም አይጣመምም፤ ስለዚህ ሰው ትምህርቱን ችሎ ይመላለሳል።

እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው እንግዲህ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ትንፍሽ በማይባልበት ሥራ ላይ የመደባት።

ሥራው በአሜሪካዋ አዮዋ ስቴት የቆየ ነው። ምርጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከመጦሪያ ቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን የድምፅ መስጫው ወረቀት እዚያው ያሉበት ድረስ ይወሰድላቸዋል። ወሳጆቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ሪፐብሊካን፣ አንዱ ዴሞክራት። በአንድ መኪና ይሄዳሉ፣ ሳጥኑን አብረው ይይዛሉ፣ ፖስታው ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ አንዱ ሽንት ቤት ከገባ ሥራው እስኪወጣ ይቆማል። ዓይኑ ለማያይ ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው አንዳቸው ጥያቄውን አንብበው የመረጠውን ይሞሉለታል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። መራጩ ያለውን ለማረጋገጥ ደግሞ ከመጠየቅ በቀር ግን አስተያየት መስጠት፣ መሳቅ፣ ማጉረምረም፣ ወጥቶም ማውራት የለም። ይህን እጃቸውን አንስተው ምለዋል።

የሎርና ጓድ መርል ኩቢቼክ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። አንደኛ ክፍል አብረው ተቀምጠዋል፤ ያኔ የተጀመረው ክርክራቸው ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ ዴሞክራት ነው፣ አባቱም ዴሞክራት ነበር፤ እሷ እንደምትለው ውሻው ሳይቀር ዴሞክራት ነው፣ ሳይሠራ ይበላልና።

በዚያ የጥቅምት ጠዋት መኪናውን የነዳችው ሎርና ነበረች። ግራና ቀኙ የደረቀ በቆሎ ነው፤ አጫጆቹ ማሽኖች ገና ማሳው ውስጥ አቧራ ያስነሳሉ።

«እስቲ ንገረኝ መርል» አለች፣ «መንግሥት ነክቶት ያላበላሸው ነገር ምን አለ?»

«ፖስታ።»

«ባለፈው የልደት ካርዴ በሦስት ሳምንቱ ነው የደረሰኝ።»

«እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነዋ» አለና የያዘውን ካርቶን ከፈተ። ሚስቱ የጋገረችው ኮላቺ ነው፣ መሃሉ ላይ የፕለም ማርማላታ ያለበት የቼኮች ዳቦ። አንዱን ሰጣት። «አሁን ደግሞ አንቺ ንገሪኝ። ለባልሽ ለገሪት በቆሎ ከዋሽንግተን የድጎማው ቼክ ሲመጣ መልሶ ልኮ ያውቃል?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ?»

«የእኛ ነዋ» አለችና ራሷ ቀድማ ሳቀች።

ሎርና እንዲህ ናት፤ ሲይዟት ትስቃለች፣ ከዚያ ከሌላ በኩል ትመጣለች። ወዲያውም መጣች። ዝቅተኛው ደሞዝ ከፍ ይበል ትላላችሁ፤ ሱቄ ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፣ ከፍ ሲል አንዱን ማሰናበት አለብኝ፤ የቱን ላሰናብት፣ ስሙን ጥራልኝ አለችው። መርል ሁለቱንም ልጆች ያውቃቸዋል። ኮላቺውን ጎረሰ። አንደኛው ልጅ ግን በዚያ ደሞዝ ከእናቱ ቤት መውጣት እንዳቃተው በኋላ አነሳባት፤ ያኔ ደግሞ እሷ መንገዱን ማየት አበዛች።

የዚያን ዓመት ግን የአውራጃውን ሰው ለሁለት የከፈለው ዋሽንግተን አልነበረም፣ ጣሪያ ነበር። አሁን የሚሄዱበት መጦሪያ የአውራጃው ንብረት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ያረጀ ነው። ወይ በየቤቱ በዓመት አርባ ዶላር ግብር ተጨምሮ ይታደሳል፣ ወይ ከሌላ ስቴት ለመጣ ኩባንያ ይሸጣል፤ ኩባንያው ደግሞ አረጋውያኑን ሃምሳ ማይል ርቆ ወዳለው ትልቅ ቤቱ እንደሚያዛውር አልደበቀም። ጥያቄው በምርጫው ወረቀት ላይ ወጣ፤ አዎ ወይስ አይ።

የ«አይ» ባዮቹ መሪ ሎርና ናት። ሰሌዳውን ያሠራችው እሷ፣ በየሰው ግቢ ሣር ላይ የተከለችው እሷ። ስስት እንዳይመስላችሁ። የዘጠና ሦስት ዓመት እናቷ እማማ ሄንድሪካ እዚያው መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ ሎርናም ሰውን መጦር የቤተሰብ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም ብላ ከልቧ ታምናለች። አምናም አልቀረች። ሳሎኑ አጠገብ ያለውን ክፍል አሳድሳለች፣ ደረጃው ላይ ተዳፋት አሠርታለች፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ አስመትታለች፣ አልጋውን አንጥፋለች። መጦሪያው ሲዘጋ እማዬ ቤቷ ትመጣለች። ይህችን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቃታለች።

መርል ደግሞ ሁሉም ሰው ሎርና የምትባል ልጅ የለውም ባይ ነው።

መጦሪያው ውስጥ መጀመሪያ የገቡት የመርል ታላቅ ወንድም ላዲ ዘንድ ነበር። ላዲ በሥጋ ፋብሪካው አርባ ዓመት የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር፣ ሁለት ጊዜ አድማ መርቷል፤ አሁን እጁ ይንቀጠቀጥበታል። ወንድሜ ያንብብልኝ ስላለ መርል አነበበለት፣ ሎርና ቆማ አየች። ከላይ ያሉትን ሁሉ እንደተጠበቀው ለዴሞክራቶቹ ሰጠ። የመጦሪያው ጥያቄ ሲደርስ ግን ላዲ ፊቱን አኮማተረ።

«አይ በልልኝ።»

መርል በርቀት የሚጮህ ነገር የሰማ ይመስል ቀና አለ። «አይ ነው ያልከው፣ ልክ ነኝ?»

«አይ። ሾርባቸው ውሃ ነው። ይዘጋ።»

ሎርና ሳቋን ለመዋጥ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን የፍሳሽ ነጠብጣብ። ለአዎ ሲል በየቤቱ ደጅ ያንኳኳው መርል በገዛ እጁ የወንድሙን አይ ሞላ። ከክፍሉ ሲወጡ የሎርና ፊት ሳቋን ከማፈን ቀልቶ ነበር። መርል ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «መሐላ» አላት። እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ከንፈሯን ነክሳ ሄደች፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ቀልድ እጇ ላይ ወድቆ መናገር አልቻለችም።

የእማማ ሄንድሪካ ክፍል የመጨረሻው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ጸጉራቸው ግን ዛሬም በየሳምንቱ ይሠራል፣ ሹራባቸው ላይም ጉድፍ አይገኝም። ልጃቸው ናትና ሌላ ሰው ይተካ ተብሎ ነበር። ሕጉ ረዳቱን መራጩ ይምረጥ ይላል፣ እኔ ልጄንና ያንን ፖስተኛ መርጫለሁ አሉ።

ሎርና አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አነበበች። እናቷ ከላይ እስከ ታች ሪፐብሊካኖቹን ሰጡ፣ አንዱንም ሳይስቱ፣ ለአፈር ጥበቃ ኮሚቴው ሳይቀር። ሎርና በየመሃሉ መርልን በዓይኗ ገላመጠችው፤ ይህን እንኳ የሚከለክል ሕግ የለም። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበች።

እማማ ሄንድሪካ ትራሳቸውን አስተካከሉ። «እዚህኛው ላይ ትንሽ ማውራት እፈልጋለሁ። ይፈቀዳል?»

«መራጭ የፈለገውን ያህል ማውራት ይችላል እማማ» አላቸው መርል። «መናገር የማንችለው እኛ ነን።»

«አንድም ቃል?»

«አንድም ቃል።»

«ልጄም?»

«እሷ በተለይ።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አጣጥፈው ጀመሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ልነግራት እሞክራለሁ። ገና ሎርና ስላት፣ አውቃለሁ እማዬ፣ ክፍሉ ደርሷል ትለኛለች። ክፍሉን በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። ጥሩ ክፍል ነው። ጸጥ ያለ ነው። እኔ ጸጥታ አልወድም፤ ስድስት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ቀን ቀን እሷ ሱቅ፣ ገሪት ማሳ፤ እኔ ከግድግዳ ሰዓት ጋር እውላለሁ። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ከዚያ ጎኔ ካለው ክፍል ከቨርነን ጋር ካርታ እጫወታለሁ፣ በጣት በሚነበበው ካርታ። ሌባ ነው። እኔም ሌባ ነኝ። እንዲህ የሳቅሁት ልጅ ሆኜ ነበር።»

ሎርና አፏን ከፈተች። መርል ጉሮሮውን ጠረገ። ዘጋችው።

«ደግሞ ልጄ ገላዬን እንድታጥበኝ አልፈልግም» አሉ እናቷ፣ አሁን ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «እሷ ደስ ብሏት ታጥበኛለች፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስትመጣ ልጄ ሆና እንድትመጣልኝ ነው የምፈልገው። ማጠቡን ደሞዝ የሚከፈላት ታጥበኝ፤ እሷ ወሬ ታምጣልኝ። ግብር አልወድም። አባቷም አይወድም ነበር። ለዋሽንግተን አንድ ሳንቲም ባልጨምር ደስ ይለኛል። ግን ይሄ ዋሽንግተን አይደለም፣ ጣሪያ ነው። የጎረቤት ጎተራ ሲቃጠል ሁላችንም መዶሻ ይዘን ሄደን እንሠራ አልነበረም? ያኔ ማንም ግብር ብሎ አልጠራውም። በቃኝ። አዎ በይልኝ።»



ሎርና እስክሪብቶውን ይዛ ቀረች። ተቀይማ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ያን ሁሉ መደገፊያ፣ ያን ሁሉ ተዳፋት ለማን ነው የሠራችው? ሁለቱ ሞላላ ክቦች ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ «አዎ» በግራ፣ «አይ» በቀኝ፤ በመሃላቸው የአንድ ጣት ስፋት እንኳ የለም። እናቷ አያዩም። ቀና ስትል መርልም አያይም፤ ቆሞ ማየት ያለበት ሰው እንባዋን ላለማየት ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን ይመለከታል። ስድሳ ሁለት ዓመት ያመናትን ያህል አሁንም አምኗት ነው።

በቀኝ በኩል ያለውን ብትሞላው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቷ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ እቤቷ፣ መስኮቱ አጠገብ ይሆኑ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ማሰቧን በኋላም ለራሷ አልካደችም።

«አዎ ነው ያልሽው፣ ልክ ነኝ?» ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ልክ ነሽ ልጄ።»

ሞላችው። ጠርዙ እስኪጠፋ አጥብቃ ሞላችውና ወረቀቱን ወደ መርል ገፋች። «ዞር በልና እይ። ለዚህ አይደል የሚከፈልህ?»

መርል ዞሮ አየ። ፈረሙ። ፖስታው ሳጥን ውስጥ ገባ። ሎርና ጎንበስ ብላ የእናቷን ግንባር ሳመች፤ እናቷም ጉንጯን ዳበሷትና እርጥበቱን አገኙት።

በመልሱ መንገድ ስምንት ማይል ያህል ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ያለ ነገር በመኪናዋ ውስጥ ሆኖ አያውቅም። በመጨረሻ ሎርና «መርል» አለችው።

«አቤት።»

«ምንም።»

«እኔም ምንም» አለና የመጨረሻውን ኮላቺ ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ሰጣት። አለቀሰች፣ ከዚያ የላዲ ሾርባ ትዝ አላትና እያለቀሰች ሳቀች። ለምን እንደሳቀች መናገር አይፈቀድላትም ነበር፤ እሱም አልጠየቃት፤ ግን አብሯት ሳቀ።

ቤቷ ስትደርስ ሰሌዳው ደጇ ሣር ላይ ቆሟል። «ግብር በቃን! አይ በሉ!» ይላል። ሄዳ በሁለት እጇ ያዘችውና ልትነቅለው ጎተተች። ከዚያ ቆመች። ከነቀለችው ነገ ጠዋት ከተማው ሁሉ ምን ነካት ይላል። የት ሄዳ ነበር? መጦሪያ። ማን ዘንድ? እናቷ ዘንድ። የእናቷ ድምፅ እስከ ማታ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይታወቃል። ምላለች። ስለዚህ አጋድላው የነበረውን ሰሌዳ መልሳ ቀጥ አድርጋ ተከለችው፣ እንዲያውም ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ሆድ ይፍጀው ማለት ምን እንደሆነ ሎርና በስድሳ ስምንት ዓመቷ ገባት።

የቀሩትን ሁለት ሳምንታት የ«አይ» ባዮቹ መሪ ድምፅዋ ጠፋ። ሱቅ የሚመጣው ሰው ምስማሩን ገዝቶ ትምህርት ሳይሰጠው ይወጣና በሩ ላይ ዞሮ ያያታል። ታማ ነው ተባለ። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ አለች፤ እውነቷን ነበር። ሦስት ሰው ማር አመጣላት፣ ቄሱም መጥተው ጠየቋት። በምርጫው ቀን ራሷ ቆማ ወረቀቱን ስትይዝ ሐሳቧ አልተለወጠም፤ ዛሬም ግብር መጥፎ ነው፣ መንግሥትም አባካኝ ነው፣ ሰውን መጦር ያለበትም ቤተሰቡ ነው። ግብሩን እየረገመች ግራውን ክብ ሞላችው።

«አዎ» በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። ባለ ቁርስ ቤቱ ቡናውን አላስከፍልም አላት። ሎርና በተቻላት መጠን አንገቷን ደፋች። መርል ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነስቶ አንድ ቁራጭ የፖም ፓይ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ፊቱን እንደ ቀባሪ አጠውልጎ «አይዞሽ ሎርና፣ ዴሞክራሲ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ለእኛ ነገ ላንቺ» አላት። በጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን በጫማዋ አገኘችው። ያኔም ፊቱ አልተፈታም፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ተዋናይ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ እናቷ ሄደች። ቨርነን ተኝቶ ነበርና ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች። ውጭ አንድ ሰው መሰላል ተሸክሞ ጣሪያውን ይለካል።

«ተሸነፍሽ አሉኝ» አሉ እማማ ሄንድሪካ።

«ተሸነፍኩ።»

«አዝነሻል?»

«ሰው ፊት አዝኛለሁ።»

እናቷ በአፍንጫቸው ሳቁ። ሎርና ካርታውን በእጇ ይዛ የጎበጡትን ነጥቦች ዳበሰች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዷ ውስጥ የቆየውን አሁን ጠየቀች፤ ስለ ድምፃቸው የምታወራው ከራሳቸው ከእናቷ ጋር ነውና የከለከለ የለም።

«ነርሷ ልትሞላልሽ ትችል ነበር። ለምን እኔን አልሽ? እዚያ ሰሌዳ ስተክል የከረምኩትን?»

«ነርሷን ዝም ማሰኘት አያስፈልገኝም። ነርሷ ታዳምጠኛለች» አሉ እናቷ። «አንቺን ዝም የሚያሰኝ ሕግ በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው ያለው። ጠብቄ ጠብቄ አገኘሁት።»

ሎርና አፏን ከፈተች። ለዚህ መልስ ነበራት፣ ጥሩ መልስ፣ ስለ ክፍሉም፣ ስለ ገና በዓልም፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እቤቷ መጥቶ ስለማደርም። መርል አጠገቧ አልነበረም፣ ጉሮሮውንም የጠረገ ሰው የለም። አፏን ራሷ ዘጋችው።

«ጨርሺ እማዬ» አለች። «እየሰማሁሽ ነው።»

እማማ ሄንድሪካ ትንሽ ጠበቁ፣ የእውነት ዝም ማለቷን ለማረጋገጥ።

«ጨርሻለሁ» አሉ። «በይ አሁን ካርታውን በውዢ፤ እንዳታታልዪኝ ደግሞ፣ ካርታውን ስትነኪው ድምፁን እሰማዋለሁ።»